የወል ግጦሹን ብንከፋፍል ማዳበሪያ መግዛት እናቆማለን?

ጥያቄው፦ «በባሶና ወራና ወረዳ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ ሳይርቅ የምንኖር 11 አባወራዎች ነን። 5 ሄክታር የሚሆን የወል ግጦሽ አለን፤ ከእርሱም 2 ሄክታር ያህሉ ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት መረሬ ነው። በጠቅላላው 30 የቀንድ ከብት፣ 70 በግና 15 አህያ አለን። ለ14 ሄክታር ገብስና ስንዴ በየመኸሩ 14 ኩንታል ኤንፒኤስና 14 ኩንታል ዩሪያ እንገዛለን፤ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ሆኗል። ልጄ በስልኩ ባሳየኝ ቪዲዮ ገበሬዎች መስኩን በትንንሹ ከፋፍለው፣ ከብቱን በየቀኑ እያዘዋወሩ በሦስት ዓመት ውስጥ ማዳበሪያም ፀረ አረምም መግዛት እንዳቆሙ ይናገራሉ። የግብርና ባለሙያችን ግን ዝጉትና እያጨዳችሁ አብሉ ይለናል። ግጦሹ ላይ አሜከላ ስለበዛ አምና ቱፎርዲ የተባለውን ፀረ አረም ረጭተንበታል፤ ሣሩ ግን አልተሻለም። የትኛውን እንከተል? ማዳበሪያውን በሚመጣው ክረምት ብንተወውስ?»

ማዳበሪያውን በሚመጣው ክረምት በአንድ ጊዜ ብትተዉ ምርታችሁ ይወድቃል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከጥያቄው ውስጥ የዓመት ቀለብ ሊያሳጣችሁ የሚችለው ይህ ክፍል ስለሆነ ነው፤ በሌላው ብትሳሳቱ በዓመቱ ታርሙታላችሁ። ባለሙያው የነገራችሁና ቪዲዮው ያሳያችሁ ደግሞ እንደምታስቡት የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። ሁለቱም የሚሉት ሣሩ ከተቆረጠ በኋላ እስኪያገግም ድረስ ይረፍ ነው፤ የሚለያዩት ዕረፍቱ ሲያበቃ የሚቆርጠው የከብት ጥርስ ይሁን ወይስ ማጭድ በሚለው ላይ ብቻ ነው፤ የእናንተ መሬት ደግሞ ለሁለቱም የሚሆን ቦታ አለው።

አዘዋውሮ ማስጋጥ የቆየ ሐሳብ ነው። ፈረንሳዊው አንድሬ ቯዛን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ የተጋጠ ሣር በሥሩ የነበረውን ስንቅ መልሶ እስኪሞላ ዳግም መነካት እንደሌለበት አስተምሯል፤ የዚምባብዌው አለን ሴቨሪ ደግሞ ነገሩን ወደ ደረቅ አገሮች ወስዶ ዓለም እንዲሰማው አድርጓል። ስለዚህ ዘዴ የሚነገረው ሁሉ ግን በሙከራ አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የግጦሽ ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት የተካሄዱ ሙከራዎችን ሰብስበው ሲያነጻጽሩ፣ የከብቱ ብዛት እኩል እስከሆነ ድረስ ማዘዋወሩ ብቻውን አንድ ቦታ ላይ ለቅቆ ከማስጋጥ የበለጠ ሣርም ሆነ ሥጋ በወጥነት እንዳላስገኘ ጽፈዋል። ገበሬዎቹ በመስካቸው ያዩት መሻሻል ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ከብቱን በየቀኑ የሚያዘዋውር ሰው ሣሩን በየቀኑ ያየዋል፣ ሲያጥርም ቀድሞ ያውቅና ቁጥሩን ይቀንሳል ወይም ድርቆሽ ይጨምራል። ለውጡን በአብዛኛው የሚያመጣው ይህ ውሳኔ ነው፤ መስኩን የሚከፋፍለው ሽቦ አይደለም።

ዋናው ስሕተት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከብት ናይትሮጅን አይፈጥርም፤ ፎስፈረስም አይፈጥርም፤ በልቶ ያገኘውን ከቦታ ወደ ቦታ ያጓጉዛል እንጂ። በእንዲህ ዓይነት ቪዲዮዎች የሚታዩት ከብቶች በአብዛኛው የሚያድሩት እዚያው በጋጡበት መስክ ነው፤ ስለዚህ እበቱም ሽንቱም ከሣሩ ሥር አይርቅም። የእናንተ ከብቶች ቀን መስኩን ግጠው ማታ በረት ይገባሉ። ሌሊት የጣሉት እበት ጠዋት በእጅ ይጠፈጠፋል፤ የአምስት ጣት አሻራ እንደታተመበት ግድግዳው ላይ ይደርቅና ኩበት ሆኖ ወይ ምድጃ ይገባል ወይ ደብረ ብርሃን ገበያ ይወርዳል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑና ድኙ ከጭሱ ጋር ይሄዳሉ፤ ፎስፈረሱ፣ ፖታሲየሙና ካልሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱም አብዛኛውን ጊዜ ከጓሮ አያልፍም። ግጦሹ ለማጀታችሁ ሲገብር ስንት ዓመት እንደኖረ አስቡት። ይህ ሳይለወጥ መስኩን ሃያ ቦታ ብትሸነሽኑት፣ ከሃያ ቦታ እየሰበሰባችሁ ወደ አንድ በረት ማጋዝ ይሆናል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የእንስሳት ሰዎች የተለያየውን እንስሳ በአንድ መለኪያ ለመቁጠር 250 ኪሎ የሚመዝን ከብትን እንደ አንድ ይይዛሉ፤ በዚህ ስሌት አንድ የአገራችን ከብት በአማካይ 0.7፣ በግ 0.1፣ አህያ 0.5 ሆኖ ይቆጠራል። የእናንተ ሁሉ ሲደመር 35.5 ይመጣል። አንዱ ቁጥር በቀን 6.25 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መንጋችሁ በየቀኑ 222 ኪሎ ገደማ ይበላል። 5 ሄክታሩ በዓመት በሄክታር 3 ቶን ደረቅ ሣር ቢሰጥ፣ ሣሩ እንዳይራቆት ግማሹ ብቻ ይበላ ብንል፣ ለከብት የሚደርሰው 7.5 ቶን ነው። ይህም ለ34 ቀን ብቻ ይበቃል። በጥሩ አያያዝ ምርቱን እጥፍ ብታደርጉት እንኳ ሁለት ወር ከሳምንት ነው። ቀሪውን ጊዜ ከብታችሁን የሚያኖረው የገብሱ ገለባ፣ የስንዴው ጭድና ከአጨዳ በኋላ ያለው ቃርሚያ ነው። ግጦሽ አለን ትላላችሁ እንጂ የከብታችሁ ዋና መኖ ያለው ክምሩ ላይ ነው፤ ገለባው ደግሞ የሚገኘው ማዳበሪያ ከገባበት ማሳ ነው። ማዳበሪያው በድንገት ቢቀር እህሉ ብቻ ሳይሆን የከብቱም ቀለብ አብሮ ይወድቃል።

3 ቶን ያልኩት ለስሌት ነው፤ የእናንተን መሬት ራሳችሁ ለኩት። ከባሕር ዛፍ ዘንግ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩና ከሐምሌ በፊት አሥር ቦታ ላይ ከብት እንዳይነካው በእሾህ እጠሩ። መስከረም መጨረሻ ላይ አራት ማዕዘኑን እያኖራችሁ ውስጡን ብቻ ከመሬት አራት ጣት ከፍ አድርጋችሁ እጨዱ፤ አድርቃችሁም በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ። በካሬ ሜትር 1 ግራም ማለት በሄክታር 10 ኪሎ ነው። የአሥሩ አማካይ 250 ግራም ከሆነ መሬታችሁ የሰጠው 2.5 ቶን ነው። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ሲሆን ከዚያ በኋላ ስለ ከብት ቁጥር የምትነጋገሩት በግምት አይሆንም።

ወደ እበቱ ልመለስ፤ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚያ ነውና። ከመንጋችሁ በረት ውስጥ የሚቀረውን ብቻ ብንቆጥር፣ በቀን 42 ኪሎ፣ በዓመት 15 ቶን ተኩል ያህል ደረቅ እበት ይወጣዋል። ከመቶው አንድ ተኩል እጁ ናይትሮጅን ነው ብንል 230 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ይህም 5 ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ካለው ጋር የሚስተካከል ነው። እናንተ ከ28ቱ ኩንታል ማዳበሪያ የምታገኙት ናይትሮጅን ግን 910 ኪሎ ነው። ስለዚህ አንዲት ኩበት ሳይነድ፣ አንዲት ጭብጥ ሳይባክን ሁሉም ማሳ ቢገባ የሚሸፍነው ሩቡን ነው። ከዚያም ላይ በእበት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በአንድ ክረምት የሚለቀቀው ሲሶው ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሰብሉ የሚያገኘው ከምትገዙት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በተከታታይ ዓመታት እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ «በሦስት ዓመት ተውን» የሚሉት ገበሬዎችም የሚናገሩት ስለዚሁ መጠራቀም ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሽንቱን ነው። ከብት ከሚያስወግደው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በሽንት ይወጣል፤ ፖታሲየሙም በአብዛኛው እዚያው ነው። የበረታችሁ ወለል ጭቃ ከሆነ ይህ ሁሉ ወደ መሬት ሰርጎ ወይም ተንኖ ይጠፋል። ወለሉን በድንጋይ ደልድላችሁ፣ ከብት የተወውን የገለባ ትራፊ በየማታው ብታነጥፉበት፣ ጠዋት ሽንት የጠጣውን ጉዝጓዝ ሰብስባችሁ ከጥላ ሥር ብትከምሩና በአፈር ብትሸፍኑት፣ ኩበቱን ሳትነኩ ትርፍ ታገኛላችሁ። እኔ ብሆን ከዚህ እጀምራለሁ።

«ኩበት አታቃጥሉ» የሚለውን ምክር ደግሞ እንደ ቀላል ነገር አልናገረውም። በእናንተ አካባቢ ኩበት ማገዶ ብቻ ሳይሆን በብዙ ቤት የሴቶች የእጅ ገንዘብ ነው፤ ወንዶች ብቻ ተሰብስበው «ከዛሬ ጀምሮ እበቱ ማሳ ይግባ» ብለው ቢወስኑ የጨውና የዘይት መግዣውን ከሚስቶቻቸው እጅ መውሰዳቸው ነው፤ ውሳኔውም ከአንድ ወር አያልፍም። ስብሰባው ላይ ሴቶቹ ይኑሩ። ለማገዶ የሚሆን ባሕር ዛፍ ያለው ቤት ከኩበቱ ግማሹን ለማሳ ማስቀረት ይችላል፤ ቢያንስ አራት ከብትና በቅርብ ውኃ ያለው ቤት ባዮጋዝ ቢያሠራ እሳቱንም ያገኛል፣ የሚወጣው ዝቃጭም ናይትሮጅኑን እንደያዘ ለማሳ ይተርፈዋል። ሁለቱም የሌለው ቤት ኩበቱን ያንድድ፤ አመዱን ግን በጆንያ እያጠራቀመ ለባቄላው ማሳ ያውጣው።

ስለ መስኩ አያያዝ ያለኝ ምክር የማያወላዳ ነው። በየቀኑ የሚለዋወጥ ትንንሽ ክፍል አትሥሩ፤ አጥሩም እረኛውም የላችሁም፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ናቸው። መስኩን ሦስት ቦታ ብቻ ክፈሉት። ውኃ የሚተኛበት 2 ሄክታር መረሬ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ፤ የባለሙያው ምክር እዚህ ላይ ልክ ነው። ርሶ የተነፋ ጥቁር አፈር ላይ ከብት ሲቆም ኮቴው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይገባል፤ የረገጠው ጉድጓድ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲደርቅም እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ሥር አይገባበትም። የሐምሌና የነሐሴ ርግጫ የሚያደርሰውን ጉዳት የበጋ ዕረፍት አይመልሰውም። ቀሪው 3 ሄክታር ለሁለት ይከፈልና በክረምት እየተፈራረቀ ይጋጥ፤ ከብቱ ከአንዱ የሚወጣው ሣሩ አራት ጣት ሲቀረው ነው፣ የሚመለሰው ደግሞ ሣሩ አንድ ስንዝር ሲሆን ነው። ቀን አትቁጠሩ፣ ሣሩን ለኩ። በጎቹን ከከብቱ በኋላ ብዙ ቀን አታቆዩ፤ በግ ከመሬት እኩል አድርጎ ስለሚነጭ አዲሱን ቡቃያ አብሮ ይጨርሰዋል። ከሁለቱ ክፍሎች አንዱ በየሦስት ዓመቱ ዘሩ እስኪረግፍ ሙሉ ክረምት ይረፍ። ውርጩ ከገባ ወዲያ ግን ሣሩ ስለማያድግ በጥርና በየካቲት ማዘዋወሩ ያደረቃችሁትን ከማብቃቃት ሌላ ጥቅም የለውም።

ድርቆሹን በኅዳር የማጨድ ልማድ ተዉት። ያኔ የሚታጨደው ክምሩን ያሳምረዋል እንጂ ሣሩ ዘሩን ጥሎ፣ ፕሮቲኑን ጨርሶ ከገለባ ብዙም የማይሻል ሆኗል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት ብታጭዱ መጠኑ በጥቂቱ ያንሳል፣ ቀሪ ዝናብ ሊያበላሸውም ይችላልና በቆጥ ላይ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ጥቅሙ ግን ይበልጣል። ከመረሬው በሄክታር 3 ቶን ቢወጣ 6 ቶን ይሆናል፤ ይህም 10 የእርሻ በሬዎችን በቀን በነፍስ ወከፍ 4 ኪሎ እየጨመረ ለአምስት ወር፣ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ድረስ ያደርሳል።

ቱፎርዲውን በተመለከተ፣ ሣሩ ለምን እንዳልተሻለ እነግራችኋለሁ። ይህ መድኃኒት ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ይገድላል፤ አሜከላውን ሲያቃጥል ማገጥ የሚባለውን ባለሦስት ቅጠል የመኖ ተክልም አብሮ አቃጥሏል። ማገጥ ደግሞ ናይትሮጅንን ከአየር ስቦ ለጎረቤቱ ሣር የሚያካፍል ብቸኛው ነጻ ማዳበሪያችሁ ነበር፤ ከሃያ በላይ የማገጥ ዓይነቶች በአገራችን ደጋ ተፈጥሮ የሚበቅሉ ናቸውና ዘር ከውጭ ማምጣት እንኳ አያስፈልግም። አሜከላና አክርማ የበዙት ከብቱ የሚወደውን ሣር እየመረጠ ስለጨረሰውና ባዶ መሬት ስላገኙ ነው። እነ ጋጃና ሰርዶ ከተመለሱ እነዚህ ይቀንሳሉ። አሜከላውን ከማበቡ በፊት፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ በዶማ ከነሥሩ ንቀሉት፤ አክርማውን ግን ሁሉንም አትንቀሉ፣ ስፌት የሚሰፉት እናቶች ይጠይቋችኋል። ግጦሹ ላይ ዩሪያ የመበተን ሐሳብ ያለው ሰው ካለም ይተወው፤ ዩሪያ ሣሩን አፋፍቶ ማገጡን በጥላ ይገድለዋል።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። ማገጥ ሲበዛ ማለዳ ጤዛ ሳይደርቅ የተራበ ከብት ከተለቀቀበት ሆዱ ተነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ጠዋት ጥቂት ገለባ ሳይበላ አይውጣ። ሁለተኛ፣ መረሬው የጉበት ትል ያለበት ቦታ ነው፤ ትሉን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ ውኃው ዳር ትኖራለችና በክረምት መዝጋቱ ከዚህም ይጠብቃል፤ በደንብ ያልደረቀ ድርቆሽ ግን በሽታውን ሊያሻግር ይችላል። ኬሚካል ለመቀነስ ብላችሁ የጉበት ትል መድኃኒትን እንዳትተዉ። ይልቁንም ትክክለኛውን አስመርምራችሁ ስጡ፤ ለሁሉም በሽታ ሲወጋ የምናየው አይቨርሜክቲን የጉበት ትልን ጭራሽ አይነካም፤ አልቤንዳዞልም ያልጎለመሰውን አይገድልም። አይቨርሜክቲን በእበቱ ውስጥ ሲወጣ ደግሞ እበቱን ቀብረው ወደ አፈር የሚመልሱትን ጥንዚዛዎች ይጎዳል። መስክ ላይ የሰነበተ እበት በእንጨት ገልብጡና እዩ፤ ሥሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ከሌለውና እንደ ሳህን ደርቆ ከተነሣ ጥንዚዛ የለም ማለት ነው። ሦስተኛው የጎረቤት ከብት ነው፤ ይህ ከሁሉም ይከብዳል።

የተዘጋ መሬት የሚጠበቀው በአጥር አይደለም፤ በደንብ ነው። ከእናንተ ብዙ ሳይርቅ በመንዝ ጌራ የሚገኘው ጓሳ የተባለ የወል መሬት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የአካባቢው የወል መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠበቅ፣ ሕዝቡ ራሱ በመረጣቸው ሰዎች አማካይነት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋና ሣሩ ሲደርስ ለሁሉም በአንድ ቀን ይከፈት ነበር፤ ማን ገብቶ እንደሚያጭድ፣ የጣሰም ምን እንደሚቀጣ የታወቀ ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ጠባቂው ጠፋና ሣሩ ተጎዳ፤ በኋላ ኅብረተሰቡ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቋቋመው። ዛሬም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እዚያ ይታያሉ። የእናንተ 5 ሄክታር ከጓሳ ጋር አይወዳደርም፤ የምትወስዱት ነገር ግን አንድ ነው፦ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን፣ የየቤቱ የድርቆሽ ድርሻና የቅጣቱ መጠን ከሰኔ በፊት ተጽፎ፣ በ11ዱም ተፈርሞ፣ በቀበሌ ይታወቅ። ከብት የሌለው ወይም ያነሰ ቤት ከድርቆሹ እኩል ድርሻ ይኑረው፣ ቢፈልግ ይሽጠው፤ አለዚያ መዝጋቱ ባለ ብዙ ከብቱን ብቻ የሚጠቅም ይሆንና ደንቡን የሚያፈርሰው የራሳችሁ ሰው ይሆናል።

ማዳበሪያውን የምትቀንሱት በዚህ መንገድ ነው። በቅድሚያ አፈራችሁን አስመርምሩ፤ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው) ከ5.5 በታች ከሆነ የምትጨምሩት ፎስፈረስ ብዙው በአፈሩ ታስሮ ይቀራል፤ ያኔ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ኖራ ነው። ከዚያም ከማሳው ሲሶው በየዓመቱ በባቄላ ይያዝ፤ በባቄላ እግር የሚዘራ ገብስ የሚፈልገው ዩሪያ ያነሰ ነው። ጭድ ለማከም የሚሆነውን ዩሪያ ግን አትቀንሱ፦ ለ100 ኪሎ ጭድ 4 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውኃ በጥብጣችሁ አርከፍክፋችሁ፣ አየር እንዳይገባው አፍናችሁ ለ21 ቀን ብታቆዩት፣ ጭዱ ይለሰልሳል፣ ከብቱም የበለጠ ይበላዋል። ከመስጠታችሁ በፊት አናፍሱት፤ ገና ለማያመነዥግ ጥጃና ለአህያ አትስጡ፤ ዩሪያውንም ከብት ከማይደርስበት ቆልፉት፣ ቀጥታ ከላሰው ይገድለዋልና።

በሚመጣው መኸር ፈቃደኛ የሆኑ ሦስት ቤቶች በአንድ ማሳቸው ላይ ጎን ለጎን እኩል ስፋት ያላቸው ሦስት ቁራጮች ይከልሉ፤ አንዱ እንደ ወትሮው ሙሉ ማዳበሪያ፣ ሁለተኛው ኤንፒኤሱ እንዳለ ሆኖ ዩሪያው በግማሽ፣ ሦስተኛው ግማሽ ዩሪያና የበረቱ ጉዝጓዝ ኮምፖስት ይግባበት። ዘሩ፣ የሚዘራበት ቀንና አረሙ አንድ ይሁን። ሲወቃ የሦስቱን እህልም ገለባም ለየብቻ መዝኑ። በሁለት መኸር ተከታታይ፣ ከግማሽ ዩሪያው ቁራጭ የጎደለው እህልና ገለባ በገበያ ዋጋ ሲተመን ከተረፈው ዩሪያ ዋጋ ካነሰ፣ ያንን ግማሽ በ14ቱም ሄክታር ላይ ቀንሱ፤ ከበለጠ ግን ዩሪያውን እንደያዛችሁ ኮምፖስቱን ለሌላ ሁለት ዓመት ጨምሩና መልሳችሁ መዝኑ።